ለስለስ ያለ ሙዚቃ ሁሉ ለምን አያሳርፍም? ድምፅ ለሚከብዳቸው ሰዎች ዜማ ስለመምረጥ

ጥር ሲገባ በአዲስ አበባ ዳር ዳር ያሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች መልካቸው ይቀየራል። ቦሌ አራብሳ በሉ፣ ኮዬ ፈጬ በሉ፣ ቱሉ ዲምቱ በሉ፣ በሁለት ብሎክ መሀል ድንኳን ይጣላል፣ ሞንታርቦ ይደረደራል፣ ሰርገኛው ይጨፍራል። አብዛኞቻችን ደስ ይለናል። ካልተመቸን ደግሞ መስኮት ዘግተን እናሳልፈዋለን። እዚያው ብሎክ ውስጥ ግን ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ አልጋ ሥር የሚገባ ልጅ አለ። ማይግሬን ተነስቶባት መጋረጃ ዘግታ የተኛች ሴት አለች። ሙዚቃ እንደማንኛውም ሰው የሚወዱ፣ ግን ድምፅ ሲበዛባቸው አካላቸው የማይችለው ሰዎች ናቸው።

ለእነሱ የሚሰጠው ምክር ሁሌም አንድ ነው፦ «ለስለስ ያለ ነገር ክፈቱለት»። ክፉ ምክር አይደለም። ግን ለአንዱ ለስላሳ የሆነው ለሌላው ስለት ይሆንበታል፤ ሞቅ ያለው ዘፈን ደግሞ አንዳንዱን ያረጋጋዋል። ሙዚቃ ለመምረጥ መጀመሪያ የሚከብደው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ድምፅ «ይከብደዋል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጆሮ ድምፅ ይቀበላል፤ የሚመርጠው አንጎል ነው። አሁን ይህን ስታነቡ ፍሪጅ ያጉረመርማል፣ ውጭ ውሻ ይጮኻል፣ ፎቅ ላይ ወንበር ይጎተታል። አብዛኛውን ልብ አላላችሁትም። ልምድ ያለው የግቢ ዘበኛ ነዋሪውን ዝም ብሎ ያስገባል፤ በር የሚያንኳኳው እንግዳ ሲመጣ ነው። አንጎልም የለመደውን ድምፅ ሳያስቸግረን ያሳልፈዋል። አንዳንድ ሰው ዘንድ ግን ዘበኛው ለሁሉም ያንኳኳል። ለጎረቤቱም፣ ለቆጣሪ አንባቢውም፣ ለድመቷም። ቀኑን ሙሉ ሲንኳኳበት የዋለ ሰው፣ ማታ ላይ አንዲት ትንሽ ድምፅ ስትጨመርበት ቢያለቅስ ወይም ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ይህ ያጋጥማቸዋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው 5ኛ እትም የምርመራ መመሪያ፣ ለድምፅ፣ ለብርሃንና ለንክኪ ከልክ በላይ ወይም ከልክ በታች ምላሽ መስጠት ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ ሆኖ ሰፍሯል። እኛም አገር ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ካቋቋሙ ወዲህ ብዙ ወላጅ ለልጁ ሁኔታ ስም አግኝቶለታል። ያም ሆኖ ጆሮውን የሚይዝ ልጅ ዛሬም «ቀበጥ ነው» ይባላል። ቅብጠት አይደለም። ሰውነቱ የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ ቁጣ ደግሞ ሌላ ድምፅ ይጨምርበታል እንጂ አያስተወውም።

ከኦቲዝም ውጭም አለ። ሃይፐራኩሲስ የሚባለው፣ ለሌላው ሰው ተራ የሆነ ድምፅ ከመጠን በላይ ሲጮህ ወይም ጭራሽ ሲያም ነው። ሚሶፎኒያ ደግሞ የተወሰኑ ድምፆች፣ ለምሳሌ የሰው ማኘክ ወይም ንፍጥ መሳብ፣ ድንገተኛ ንዴት ሲቀሰቅሱ ነው። ማይግሬን ሲነሳ፣ ጭንቅላት ሲመታ፣ ከባድ ድንጋጤ ካለፈ በኋላም ድምፅ ይከብዳል።

ቤታችን ያሉ አዛውንቶችንም እንዳንረሳ። «አይሰማኝም፣ ጮክ በል» ይላሉ፤ ጮክ ስትሉ «ምን ያስጮህሃል!» ይላሉ። ብዙ ቤት ይህ እንደ ጭቅጭቅ ይታያል። ምክንያቱ የጆሮ ነው። የውስጠኛው ጆሮ ሕዋሳት ሲጎዱ ቀስ ያለው ድምፅ ይጠፋል፤ ከፍ ያለው ግን እንደ በፊቱ፣ አንዳንዴም ባሰ ኃይል ይገባል። በ«አልሰማሁም» እና በ«በዛብኝ» መካከል ያለው ቦታ ይጠባል። ለአያት ሬዲዮ ሲከፈት ድምፅ ከመጨመር ይልቅ ስፒከሩን ጠጋ ማድረግ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ተቃራኒውም አለ። አንዳንድ ልጅ ድምፅ አይበቃውም፤ ጆሮውን ስፒከር ላይ ለጥፎ ቤዙ ደረቱን ሲነካው ይረጋጋል። ይኸው ልጅ የፀጉር ማድረቂያ ሲነሳ ከቤት ሊሮጥ ይችላል። «ድምፅ ይወዳል ወይስ ይጠላል?» ብሎ መጠየቅ እዚህ ላይ አያዋጣም። የትኛውን ድምፅ ነው ጥያቄው።

ችግሩ ጩኸት ብቻ ነው?

ጩኸት አንዱ ነው። የድምፅ ኃይል በዴሲቤል ይለካል። ተራ ወሬ ወደ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ልኬቱ እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር አይቆጠርም፤ 10 ዴሲቤል ሲጨመር የድምፁ ጉልበት 10 እጥፍ ይሆናል፣ ለጆሮ ደግሞ ወደ እጥፍ የጮኸ ይመስላል። ስለዚህ ቁልፉን ትንሽ ዞር ማድረግ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከጩኸቱ እኩል የሚከብደው ግን ስለቱ ነው። የድምፅ ቅጥነት በኸርዝ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል ይባላል፤ በጣም የሚነቃው ግን ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ባለው መሀል ነው። ቀጫጭን ድምፆች እዚያ ይሰፍራሉ። የሕፃን ለቅሶ፣ ማይክ ሲያፏጭ፣ ጸናጽል፣ እልልታ። እልልታ ለእኛ ደስታ ነው፤ አጠገቡ ላለ ስሱ ጆሮ ግን በቀጥታ በጣም በሚነቃው ቦታ ይገባል። ቮልዩሙ ዝቅ ብሎም እነዚህ ድምፆች ያሉበት ዘፈን ሊወጋ ይችላል።

ሦስተኛው ድንገተኛነት ነው። መካከለኛው ጆሮ ውስጥ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ የምትኮማተር ትንሽ ጡንቻ አለች፤ የሚገባውን በመጠኑ ትቀንሳለች። ለመኮማተር ግን ከሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ ጊዜ ይወስድባታል፣ በይበልጥ የምትቀንሰውም ወፍራሙን ድምፅ ነው። የቡሄ ጅራፍ ወይም ርችት ሲጮህ ቀድሟት ያልፋል። ዘፈን ውስጥም እንዲህ ያለ ቦታ አለ። ጸጥ ብሎ ቆይቶ ከበሮው በአንድ ጊዜ የሚወርድበት፣ ጡሩምባው ሳይታሰብ የሚገባበት። ድምፅ የሚከብደው ሰው ዘፈኑን አንዴ ከሰማው በኋላ ያችን ቦታ እየጠበቀ ይጨነቃል። ስሱ ሆነው ለሚሰሙ ሰዎች ሙዚቃ ስመርጥ እኔ በመጀመሪያ የምፈልገው ይህችኑ ቦታ ነው፤ ካለችበት ዘፈኑ የቱንም ያህል ቢያምር አልፈዋለሁ።

አራተኛው መደራረብ ነው። ዘፋኝ፣ ተቀባዮች፣ ኪቦርድ፣ ክራር፣ ሳክስፎን፣ ጭብጨባ በአንድ ላይ። ዘበኛው ለእያንዳንዱ ሲያንኳኳ አስቡት።

ከእኛ ሙዚቃ የትኛው ይሻላል?

ክራርን ብንወስድ፣ በጣት ቀስ ተብሎ ሲነካ አነሳሱ ለስላሳ ነው፣ ቶሎም ይጠፋል፣ በኖታዎቹ መሀል ክፍተት ይተዋል። ለብዙ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። ጠንከር ተብሎ ሲገረፍ ወይም በማጉያ ሲገባ ግን ብረት ብረት ይላል። ዋሽንት በታችኛው ድምፁ የትንፋሽ ለዛ አለው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀጥናል። ማሲንቆ በአንዲት የፈረስ ጭራ አውታር እየተንሸራተተ ከሰው ድምፅ ጋር ይመሳሰላል። አንዳንዱ በዚህ ይጽናናል። ሌላው የመፋተጉን ድምፅ አይችለውም።

በገና ለብቻው መታየት አለበት። 10 አውታር ያለው፣ በተለይ በዐቢይ ጾም የሚሰማ መሣሪያ ነው። ድምፁ ወፍራምና ዝግ ያለ ነው፤ ምቱ አይጣደፍም፤ አንዱ ሐረግ ደጋግሞ ይመለሳል። እስከዚህ ድረስ ለስሱ ጆሮ የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን በአውታሩና በመደገፊያው መሀል እንዝራ የሚባል የቆዳ ቁራጭ ይገባል፤ ያ የሚታወቀው ንዝረት የሚመጣው ከእሱ ነው። ንዝረቱን በደረታቸው ይዘው የሚያርፉ አሉ። ጆሮዬ ውስጥ ዝንብ ገባ የሚሉም አሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከመፍረድ በፊት አንድ ደቂቃ አሰምቶ ፊትን ማየት ይበቃል።

ቅኝቱስ? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ በአምስት አምስት ድምፅ የተገነቡ ናቸው። ጆሮ ቶሎ ይለምዳቸዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት አይከብድም። ትዝታ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ዝግ ይላል፣ ይለሰልሳል፤ ስሜቱ ግን ከባድ ነው። ሐዘን ያለበት ወይም የተጨነቀ ሰው ድምፁን ችሎ ስሜቱን ላይችለው ይችላል። ችክችካ ምት ያላቸው ዘፈኖች በበኩላቸው ፈጣን ናቸው፣ ምታቸው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይለወጥም። መሪው ምት አንድ መሆኑ የሚያረጋጋው ሰው አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ጸናጽሉ ካልበዛ።

ብዙ ሰው «ክላሲካል ክፈቱለት» ይላል። እኛ ክላሲካል የምንለው ግጥም የሌለውን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ ነው፤ ግጥም አለመኖሩ በእርግጥ አንድ ሸክም ይቀንሳል፣ አንጎል ቃል መፍታት የለበትምና። የአውሮፓው የኦርኬስትራ ክላሲካል ግን ሌላ ነገር ነው። ከሹክሹክታ ተነስቶ በአንድ ጊዜ ወደ ነጎድጓድ የሚዘል ብዙ ሥራ አለው። «ክላሲካል ስለሆነ ያረጋጋል» ተብሎ የተከፈተ ሙዚቃ ልጅን ከእንቅልፍ አባንኖ ያስነሳል። ስሙን ትታችሁ ድምፁ ከየት እስከ የት እንደሚሄድ እዩ። አንድ መሣሪያ ብቻ ያለበት፣ ፒያኖም ይሁን ክራር፣ ከሙሉ ኦርኬስትራ ይልቅ ብዙውን ጊዜ ይቀላል። በመድረክ የተቀዳ ዘፈን ደግሞ ጭብጨባና ፉጨት አለበት፤ ስቱዲዮ የተቀዳውን ፈልጉ።

አንዱን ዘፈን ቀኑን ሙሉ የሚደጋግመው ለምንድነው?

ወላጆች በዚህ ይሰለቻሉ፣ አንዳንዴም ዘፈኑን ይደብቃሉ። እባካችሁ አትደብቁ። የሚያውቀው ዘፈን ድንገተኛ ነገር የለውም። የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚያልቅ ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ያልጠበቀው ድምፅ ሲወርድበት ለዋለ ሰው ይህ ማረፊያው ነው። አዲስ ዘፈን ማስተዋወቅ ከፈለጋችሁ ከሚወደው ቀጥሎ፣ በምትም በመሣሪያም የሚቀራረበውን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አስከትሉ። ካልወደደው ወደ ነባሩ ተመለሱ።

ከድግግሞሹ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ ቁልፉን የያዘው ማን ነው? ራሳችን የምናወጣውን ድምፅ አንጎል ቀድሞ ስለሚያውቀው ምላሹን ይቀንሳል። የእህቴን ልጅ አያለሁ። ዘፈን ከመከፈቱ በፊት ስፒከሯን ያነሳና የመቀነሻውን ቁልፍ ደጋግሞ ይጫናል። ታች መድረሱን ያረጋግጣል። ከዚያ አንድ አንድ እያለ ይጨምራል፤ በእያንዳንዱ መሀል ቆም ይላል፣ ያዳምጣል። እኛ ከምናቆምበት አልፎ የሚሄድበት ቀን አለ። ያው ድምፅ በሌላ ሰው እጅ ሲከፈት ግን ክፍሉን ለቆ ይወጣል። ሪሞቱን ወይም ስልኩን መስጠት ከዘፈን ምርጫ ይበልጣል ብዬ የማምነው ይህን እያየሁ ነው።

ቤታችን ራሱ ድምፁን ያባብሰዋል?

በደንብ። የኮንዶሚኒየም ክፍል ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። ጠንካራ ነገር ድምፅን ይመልሳል። ቤት ስትገቡ ዕቃው ሳይገባ ያጨበጨባችሁ ታስታውሱታላችሁ። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ፍራሽ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጋቢ እንኳ ስለቱን ይቀንሳሉ። ቤዙን ግን አይዙትም። ወፍራም ድምፅ መጋረጃም ግድግዳም ያልፋል፤ ከጎረቤት ቤት ዜማው ሳይሰማ ድም ድም የሚለው ብቻ የሚመጣው ለዚህ ነው። ስፒከር ማዕዘን ላይ ስታስቀምጡ ቤዙ ይጎላል፤ ከማዕዘን አውጡት፣ ከግድግዳም ራቅ አድርጉት።

ትንሽ ስፒከርን እስከ መጨረሻ መጨመር ሌላው ስሕተት ነው። አቅሙን ሲያልፍ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ በዘፈኑ ውስጥ ያልነበሩ ሻካራ ቀጫጭን ድምፆች ይፈጠራሉ። ትልቁን ስፒከር በዝቅታ መክፈት ትንሹን ከማስጮህ ይሻላል። በስልክ ማስተካከያ ውስጥ ቀጭኑን ድምፅ ለብቻው መቀነስ ይቻላል፤ እሱንም ሞክሩ።

ሳይታሰቡ የሚመጡትንም ቀድሞ ማጥፋት ነው። ብሉቱዝ ስፒከር ገና ሲበራ «ተገናኘሁ» እያለ የሚጮኸው ከዘፈኑ ይበልጣል፤ ሰውዬው ክፍሉ ውስጥ ሳይኖር አብሩት። በኢንተርኔት ስትከፍቱ ማስታወቂያ መሀል ይገባል፤ ዘፈኖቹን አውርዱ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ቴሌቪዥኑንና ስፒከሩን ከሶኬት ንቀሉ። እኛ ሰፈር መብራት ሌሊት ሲመለስ ሳይጠፋ የተረሳ ቴሌቪዥን ሙሉ ቤቱን ያስነሳል።

ኤርፎን መፍትሔ ነው?

በከፊል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል፣ ለልጅ ደግሞ 75 ዴሲቤል ድረስ ቢሰማ ችግር አያመጣም ይላል። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በሚኒባስ ውስጥ ኤርፎን የሚያደርግ ሰው የሞተሩን ጩኸት ለመብለጥ ሳያውቀው ይጨምራል። ጆሮን የሚሸፍነው ሄድፎን የውጩን ስለሚከልል በዝቅታ ያሰማል። ከአያት ሰፈር ወደ መገናኛ በሚኒባስ ስትሄዱ ስፒከሩ ከኋላ ወንበር ጀርባ ከሆነ፣ ልጁን ይዛችሁ መካከል ወይም ፊት ተቀመጡ። ረዳቱን በትህትና «ልጁን ያመዋል» ብትሉት አብዛኛው ይቀንሳል።

ሙዚቃ ሳይኖር ጆሮን መድፈንስ? ለአስቸጋሪ ሰዓት፣ ለሰርግ፣ ለገበያ መሀል ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ፣ ሳምንት ሙሉ ከሆነ ግን ይገለበጣል። ድምፅ ያጣ የመስማት ሥርዓት ራሱን ያነቃል፤ መድፈኛው ሲወልቅ ዓለም ከበፊቱ የባሰ ይጮኻል። ድምፅ ሕመም የሚሰጠው ሰው የጆሮ ሐኪም ማየት አለበት።

ሙዚቃ ያድናል?

እዚህ ላይ ገንዘብ የሚያባክኑ ቤተሰቦች ስላሉ በግልጽ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ በ9 አገሮች 364 ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ያካተተ ጥናት፣ ለ5 ወር የሙዚቃ ሕክምና መስጠት ከተለመደው ድጋፍ በተለየ የኦቲዝም ምልክቶችን እንደማይቀንስ አሳይቷል። በተለየ መንገድ የተጣራ ድምፅ በማሰማት ጆሮን «እናሠለጥናለን» ለሚሉት ዘዴዎችም የተሰበሰበው ማስረጃ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2011 የሚያሳምን አልተገኘም። ስለዚህ «ይህን ኸርዝ ስሙ፣ ትድናላችሁ» ለሚል አትክፈሉ። ሙዚቃ ደስታ ነው፣ እረፍት ነው፣ አብሮ መሆን ነው። ይህ በራሱ በቂ ምክንያት ነው።

ዝምታም ከምርጫዎቹ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአንድ የልብ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ፈጣን ሙዚቃ ትንፋሽንና የልብ ምትን እንደሚያፈጥን፣ በመሀል የገባች የ2 ደቂቃ ዝምታ ደግሞ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ይበልጥ ሰውነትን እንደምታዝናና አግኝቷል። ከዘፈን ዘፈን ወዲያው አትለፉ። አጥፉት። ጠብቁ። ፊቱ ከፈታ፣ ትከሻው ከወረደ ቀጥሉ። ማንጎራጎር ከጀመረ፣ ጣቱን ካወዛወዘ ደስ ብሎታል። ዓይኑን ከጨፈነ፣ ጥርሱን ካፋጨ፣ ካላበው፣ ወይም በድንገት ዝም ካለ በዝቶበታል። የማይናገር ሰው በዚህ ይናገራል።

ጎረቤት ድንኳን ሲጥልስ?

ቀድሞ መናገር ነው የሚሻለው። እድር ላይ ወይም ኮሚናል ስትገናኙ ለባለ ሰርጉ ቤተሰብ ሁኔታውን አስረዱ። ሙዚቃው ይቅር ማለት አይጠበቅባችሁም። የሞንታርቦው ፊት ወደ መንገድ ቢዞር ቀጭኑ ድምፅ በጣም ይቀንሳል፤ ቀጭን ድምፅ የሚሄደው ፊት ለፊት ነውና። በሜዳ ላይ ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ድንኳኑ ጥቂት ሜትር ብቻ ፈቀቅ ቢል እንኳ ለቅርቡ ብሎክ ለውጥ አለው። በዕለቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ያለውን ክፍል አዘጋጁ፣ ድምፅ ለሚከብደው ሰው የሚያውቀውን ዘፈን በስልኩ ላይ አስቀምጡለት።

እናንተም ተጋባዥ ሆናችሁ ይዛችሁት የምትሄዱ ከሆነ ምሳ ከመቅረቡ በፊት ሳይሆን፣ ሰው ሲበላና ዲጄው ዝቅ ሲያደርግ ግቡ። ከማይክና ከሞንታርቦ ራቅ ያለ፣ ለመውጣት የሚቀል ወንበር ያዙ። ሙሽሮቹ የሚገቡበትን ሰዓት ደግሞ ከሚዜዎቹ ጠይቁ። ክላክሱም፣ ጭብጨባውም፣ እልልታውም፣ ከበሮውም በአንድ ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው፤ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብላችሁ ይዛችሁት ውጡ።